ኮፈንና ቆፈን

እናቴ በደወለች ቁጥር የሚኒሶታን ብርድ ሳትጠይቅ ስልክ አትዘጋም። ልጆቹን ትጠይቃለች፣ ባለቤቴን ትጠይቃለች፣ ቀጥላ ብርዱን ትጠይቃለች። አብሮን የሚኖር አስቸጋሪ ዘመድ ነው የሚመስላት፤ አልተሳሳተችም። ባለፈው ጥር ስትጠይቀኝ ሳላስበው፣ "ምን እባክሽ እማዬ፣ ዘንድሮስ ክረምቱ ጠናብን" አልኳት።

ጸጥ አለች። ልጄ አገሩን ረስቶ አሁን ደግሞ ወር መቁጠርም ተሳነው የሚል ዝምታ ነበር። "በጥር?" አለች ቆይታ። "በጥር ሰርግ እንጂ ምን ክረምት አለ?"

እውነቷን ነው። እሷ የምታውቀው ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 የሚወጣ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የበቆሎ ጥብስ የሚያስበላ፣ ሰው የለመደው ክረምት ነው። ከሱ ቀጥሎ መጸው ይመጣል፤ ታኅሣሥ 26 ደግሞ በጋ ይገባል። እንግዲህ አሜሪካኖች ዊንተር የሚሉት ነገር አናታችን ላይ የሚወጣው በኛ በጋ ነው። መዝገበ ቃላቱ ዊንተርን "ክረምት" ብሎ ሲፈታ ይህን ሁሉ ጣጣ አላሰበበትም። ልጆቼ ከአያታቸው ጋር በዚሁ ይጨቃጨቃሉ፤ እሷ "ክረምት ዝናብ ነው" ትላለች፣ እነሱ "ክረምት ስኖው ነው" ይላሉ፣ እኔ መሀል ገብቼ እንደ ሰፈር ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን "ልክ ናችሁ" እላለሁ።

ነገሩ የቃል ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረ። የኔ ችግር የዘመን መቁጠሪያው ሰውነቴ ውስጥ መቀመጡ ነው። መስከረም ሲጠባ፣ የትም ልሁን የት፣ ደረቴ ውስጥ አንድ መስኮት ይከፈታል። ክረምት አለፈ! ጭቃው ሊደርቅ፣ ወንዙ ሊጎድል፣ ዘመድ ሊጠየቅ ነው! ጃንጥላዬን ሰቅዬ የሰማዩን ነገር እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ሚኒሶታ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን፣ የዛፉ ቅጠል ጫፉ ላይ ቀላ ማለት ሲጀምር፣ "መኪናህን አዘጋጅ" ትላለች። አገሬ "እንኳን አወጣህ" የምትለኝና ይቺ አገር "ወየውልህ" የምትለኝ በአንድ ሳምንት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው።

ጋሼ ዘንድ ግን ይህ ሰበብ አይሠራም። ጋሼ የሥጋ ዘመዴ አይደሉም። የሰፈራችን ሐበሻ ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው፣ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ከ20 ዓመት በላይ እዚሁ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መቼ እንደመጡ ብትጠይቋቸው ዓመተ ምሕረት አይጠሩላችሁም፤ "ከትልቁ በረዶ በፊት" ይላሉ። ትልቁ በረዶ እ.ኤ.አ. በ1991 በሃሎዊን ቀን ጀምሮ አራት ቀን የጣለው ነው። መንትዮቹን ከተሞች 28 ኢንች ከምናምን፣ በኛ ልክ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ጫነባቸው። "ደርግ በግንቦት ወደቀ፣ በረዶው በጥቅምት ወደቀ" ይላሉ ጋሼ። "ለሁለቱም አልተዘጋጀንም ነበር።"

እኚህ ሰው ናቸው በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ መኪና ማቆሚያው የሚወስዱኝ። ሰላምታም የለ። "ኮፈን ክፈት!"

መቼም የመኪና አማርኛችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ክሪክ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሲባረር የመሣሪያ ሳጥኑን ከነቃላቱ ጥሎልን ሄዷል። ለበረዶ መፋቂያ የሚሆን ቃል ግን አልተወልንም፤ አዲስ አበባ ላይ ምን ያደርግለታል? የጎደለውን ጋሼ ሞልተውታል። "ኮፈንህን በመስከረም ካልከፈትክ" ይላሉ፣ "በኅዳር ቆፈን ይከፍትልሃል።" ኅዳር ላይ በባዶ እጁ የኮፈን መንጠቆ ፈልጎ ጣቶቹ የራሱ መሆናቸውን ያልተጠራጠረ ሰው ይህ ቀልድ አይገባውም። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማውም አልገባኝም ነበር።

ከኮፈኑ ሥር የመጀመሪያው ጠባችን በራዲያተሩ ነበር። እኔ ያደግሁት ራዲያተር ውሃ በሚጠጣበት አገር ነው። አጎቴ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ነበረችው፤ ከወንበሩ ሥር በሃይላንድ የተሞላ ውሃ አይጠፋም። ዳገት ላይ ስታለከልክ አቁሞ ያጠጣታል፣ እንደ በቅሎ። እዚህ ግን ውሃ በረዶ ሲሆን ከመጠኑ ወደ ዘጠኝ በመቶ ያህል ያብጣል፤ የሚያብጥበት ቦታ ሲያጣ ደግሞ የሞተሩን ብረት ይሰነጥቃል። ስለዚህ አንቲፍሪዝ ይቀላቀልበታል። ይህን ስሰማ ምን አደረግሁ? ጥሩ ነገር ከሆነማ ይብዛ ብዬ ሁለት ጀሪካን ንጹሑን ገዝቼ መጣሁ። ጋሼ ጀሪካኖቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማር ብቻውን ጠጅ ይሆናል?"

አይሆንም። ግማሽ ውሃ ግማሽ አንቲፍሪዝ የሆነው እስከ ሲቀነስ 37 ሴልሺየስ ድረስ ይቋቋማል፤ ንጹሑ ብቻውን ግን ገና ሲቀነስ 13 አካባቢ ይረጋል። ውሃው ለብቻው ዜሮ ላይ ይሸነፋል፣ መድኃኒቱ ለብቻው 13 ላይ ይሸነፋል፣ ሁለቱ ሲጋቡ 37 ድረስ ይሄዳሉ። እናቴ በጥር የምትፈልገው ጋብቻ ተገኘ ማለት ነው።

ዲግሪ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ አገር ብርዱ የሚነገረው በፋራናይት ነው፤ እኔ ደግሞ በሴልሺየስ ነው የሚበርደኝ። የሁለቱን ሂሳብ ከልጅነቴ ጀምሮ አልወደውም። ሁለቱ የሚታረቁት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ሲቀነስ 40 ላይ። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይናገራሉ፤ ምናልባት እነሱም በርዷቸው መጣላቱን ትተውት ይሆናል። በሰሜን ሚኒሶታ ታወር የምትባል ከተማ ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ሲቀነስ 60 ፋራናይት ተመዝግቦባታል፤ እርቁን አልፈው እንደገና ተጣልተዋል።

የመስታወት ማጠቢያው ውሃ ከጋሼ ዓይንም አመለጠ። በሐምሌ፣ በየትኛው ወቅት እንደምል እንግዲህ ለራሴም ጠፍቶኛል፣ የቧንቧ ውሃ ሞልቼበት ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ በአይ-94 ስነዳ ከፊቴ ያለ ከባድ መኪና የጨውና የቀለጠ በረዶ ጭቃውን በሙሉ ረጨብኝ። ማጠቢያውን ጫንኩት። "እእእ" አለ እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። መጥረጊያው ጭቃውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዳረሰው፤ ልክ ምጣድ እንደሚያስስ እጅ። አንገቴን አጥፌ በታች በኩል በቀረችኝ የጣት ስፋት በምታህል ቀዳዳ እያጮለቅሁ፣ የማውቃቸውን ጻድቃን ሁሉ በስም እየጠራሁ፣ ቀጣዩ መውጫ ላይ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሰማያዊውን፣ እስከ ሲቀነስ 20 ፋራናይት የማይረጋውን ነው የምሞላው።

በነገራችን ላይ እኛ ዝናብ መጥረጊያ የምንላትን ዕቃ የፈለሰፈችውን ሴት ያስቸገራት ዝናብ አልነበረም። ሜሪ አንደርሰን የአላባማ ሴት ናት። በብርድ ወራት ኒው ዮርክን ልትጎበኝ ሄዳ፣ የትራም ነጂው በረዶ መስታወቱን ስለሸፈነበት ለማየት ሲል መስኮቱን ከፍቶ እየተንቀጠቀጠ ሲነዳ አየች፤ እ.ኤ.አ. በ1903 መጥረጊያውን በስሟ አስመዘገበች። በትክክሉ መጠራት የነበረበት በረዶ መጥረጊያ ተብሎ ነው። እኛ በራሳችን ክረምት ተርጉመነዋል።

ጎማ ላይ ደግሞ ስስት ያዘኝ። ጋሼ ከኪሳቸው አንድ ሳንቲም አወጡ፣ ያቺኑ ዛሬ መመታቷ የቆመውን የሊንከን ምስል ያለባትን። ራሱን ቁልቁል አድርገው በጎማው ጥርስ መሀል ከተቷት። የሊንከን ፀጉር እስከ ጫፉ ከታየ ጎማው አልቋል። የኔ ጎማ ላይ ሊንከን ከነፀጉሩ፣ ከነግንባሩ፣ ከነሐሳቡ ቁልጭ ብሎ ታየ። "ሰላም ብሎሃል" አሉኝ ጋሼ።

በዚያ ላይ ጎማው ለሁሉም ወቅት የሚሆን የሚሉት ዓይነት ነው። ከ7 ሴልሺየስ በታች ሲሆን የዚህ ጎማ ላስቲክ እንደ አደረ ቂጣ ይደርቃል፤ ደረቅ ቂጣ ደግሞ መንገድ አይዝም። ለብርድ የተሠራው ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፤ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ በውስጡም የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት ነው። አራቱን ስንት እንደሆነ ስጠይቅ ኮሮላዋን ራሷን የገዛሁበት ቀን ትዝ አለኝ። "እንግዲያው ሁለት ስጡኝ" አልኩ። የሚጎትቱት የፊቶቹ አይደሉም? ሻጩ አይሆንም አለኝ፣ ጋሼ አይሆንም አሉኝ። ሻጩ ገበያ ፈልጎ ነው፣ ጋሼ ደግሞ አርጅተው ነው ብዬ በአንድ ወዳጅ እጅ የፊቶቹን አስቀየርኩ።

መጀመሪያ በጣለው በረዶ ወደ ሰፈራችን ስታጠፍ የመኪናዋ ፊት ታጠፈ። ኋላዋ ግን አልሰማም። ቀጥ ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ፊቷ አንድ ቦታ ተክሎ ይዟት፣ ኋላዋ እየተንሸራተተ፣ ያለ ምንም ድምፅ፣ ያለ ምንም ችኮላ ዞረች። የጎረቤቶቼ የፖስታ ሳጥኖች በየተራ በመስታወቴ ፊት አለፉ። ስትቆም ፊታችን ወደ መጣንበት ነበር። ማንም አልነበረም፤ እኔና በረዶው ብቻ። መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ለተወሰነ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ለጋሼ ስነግራቸው፣ "ብልህ መኪና ናት" አሉ። "ወደ ጎማ ቤቱ ተመለስ ነው ያለችህ።" በማግሥቱ የቀሩትን ሁለቱን ገዛሁ።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁንም በአጎቴ ጥፋት ነው። አጎቴ ያስተማረኝ ፍሬን በአንዴ አይደፈጠጥም፣ ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ነው። ለሱ መኪና ልክ ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች ረገጥ ለቀቁን ራሳቸው፣ እግሬ ከሚችለው እጅግ በሚፈጥን ፍጥነት ያደርጉታል፤ አሽከርካሪው የሚጠበቅበት ረግጦ መያዝ ብቻ ነው። ይህን ያላወቅሁ ሰው በረዶ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ እግሬ ሥር "ጉርርር" ብሎ ሲንቀጠቀጥ፣ ሰበርኩት ብዬ ደንግጬ ለቀቅሁት። ከፊቴ የነበረው የቆሻሻ በርሜል ምስክሬ ነው። "እሱ ሲንቀጠቀጥ አንተ አትንቀጥቀጥ" አሉኝ ጋሼ። ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ በረዶ እንደሚሆንም የነገሩኝ ያን ቀን ነው፤ ከሥሩም ከላዩም ነፋስ ስለሚመታው። እኔ ግን ገና ስለ በርሜሉ እያሰብኩ ስለነበር በሚገባ የገባኝ ሌላ ዓመት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የገና ሌሊት ነው።

ታኅሣሥ 28 ማታ እንደ ወጉ ነጭ ለብሰን፣ ማለትም ከውስጥ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት፣ ከሁሉ በላይ ነጠላ አድርገን ቤተ ክርስቲያን ገባን። ቅዳሴው ሲያልቅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ውጭው ሲቀነስ 20 ፋራናይት ገደማ ነው። የአፍንጫ ፀጉር የሚቆምበት ብርድ፤ የቀመሰ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ልቡ ቤቱ ያለው ዶሮ ወጥ ላይ ነው። ቁልፉን አዞርኩ። "ጭ" አለች። ደገምኩት። "ጭ።" ሦስተኛው ላይ "ጭ"ም አልነበረም።

ሐበሻ መኪና ሲቆምበት ብቻውን አይሆንም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰባት ነጭ ለባሽ ኮፈኔን ከቧል። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፣ አንዱ ቤንዚኑ ረግቶ ነው አለ። አንድ ጎበዝ ደግሞ ነጠላውን አደግድጎ "ገፍተን እናስነሳት!" ብሎ ከኋላ ገባ። አውቶማቲክ መኪና ተገፍታ እንደማትነሳ የሚነግረው እስኪመጣ ድረስ አምስት ሰው ገፍቷት ግቢውን ግማሽ ዞረናል። ልጆቼ ከኋላ መቀመጫ ሆነው ሰርግ መስሏቸው ያጨበጭባሉ።

ሰዎቹ ገለል ሲሉ ጋሼ መጡ። ገመዱን፣ ጃምፐር ኬብሉን፣ በትከሻቸው ዙሪያ ጠምጥመውታል። መኪናቸውን ጎን ለጎን አቆሙ፣ ባትሪውን ጎንበስ ብለው አዩ፣ ላዩ ላይ የተለጠፈውን ዓመተ ምሕረት በስልካቸው መብራት አነበቡ።

"ስድስት ዓመት" አሉ። "ይሄ ባትሪ አይደለም፣ ዝክር ነው።"

"በመስከረም አስፈትሽ ብለውኝ ነበር እኮ ጋሼ።"

"ብዬህ ነበር። መቆንጠጫውን ያዝ።"

ቅደም ተከተሉን እንደ ዜማ ይሉታል፤ "ቀይ ለሞተው፣ ቀይ ለሕያው፣ ጥቁር ለሕያው፣ ጥቁር ለብረት።" የመጀመሪያው ቀይ የሞተው ባትሪ የመደመር ምልክት ላይ ይነክሳል፤ ሌላው ጫፉ የሕያው መደመር ላይ። ጥቁሩ የሕያው መቀነስ ላይ። የመጨረሻው ጥቁር ግን ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነው፤ ወደ ሞተው ባትሪ አይመለስም። ራቅ ብሎ ቀለም ያልተቀባ የሞተር ብረት ላይ ነው የሚያዘው፤ ባትሪ የሚቃጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ብልጭታው አጠገቡ እንዳይሆን። እኔ ያን ሌሊት አራተኛውን መቆንጠጫ ይዤ ጣቶቼን እንዲከፍቱት አዘዝኳቸው፤ አልታዘዙም። ኮፈን፣ ቆፈን። ጋሼ ከእጄ ወሰዱትና ያላንዳች ቃል አስቀመጡት። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ቁልፉን ሳዞር ኮሮላዋ መጀመሪያ አጉረመረመች፣ ቀጥላ ተነሳች። ሰባቱ ነጭ ለባሾች እልል አሉ።

ባትሪ በሲቀነስ 18 ሴልሺየስ ከግማሽ በላይ ጉልበቱን ያጣል። በዚያው ሰዓት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩን ለማዞር የሚጠየቀው ጉልበት ይጨምራል። አቅም በሚያንስበት ቀን ዕዳ ይበዛል፤ ይህን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም። በዘይቱ ጠርሙስ ላይ ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው "ደብልዩ"ም ለካ ዊንተር ማለት ነው፤ እኔ ክብደት መስሎኝ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። ባትሪን ደግሞ ብዙዎቹ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች በነጻ ይፈትሹታል። በነጻ! ይህን በመስከረም ያልተጠቀመ ሐበሻ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

መኪናው ተሰናድቶም የሚቀር ጣጣ አለ። የአክስቴ ልጅ በመጣ በሦስተኛ ወሩ አሮጌ ሆንዳ ገዛ። በረዶ የጣለ ዕለት መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ሊያስለቅቅ ለቡና የተጣደውን የፈላ ውሃ ይዞ ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ሆኜ "ተው!" ስል ድምፄ ከውሃው ዘገየ። "ጠሽ" የሚል ድምፅ ሰማን፤ ስንጥቁ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ፣ በካርታ ላይ እንዳለ ዓባይ፣ ከነጥምዝምዙ።

የሆንዳዋ መከራ በዚያ አላበቃም። ሚኒያፖሊስ ከባድ በረዶ ሲጥል ስኖው ኢመርጀንሲ ይታወጃል። በመጀመሪያው ምሽት ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ይለቀቃሉ፤ በሁለተኛው ቀን በሌሎቹ መንገዶች ሙሉ ቁጥር ያለበት ወገን፣ በሦስተኛው ቀን ጎዶሎ ቁጥር ያለበት ወገን ይጠረጋል። የሁለተኛው ቀን የሚጀምረው ጠዋት በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ነው። እኔ ደግነት ይዞኝ ማታ ደወልኩለትና "ነገ ከስምንት ሰዓት በፊት አንሳት" አልኩት፤ በአማርኛ። ልጁ ታዛዥ ነው። ተኝቶ አረፈደ፣ ቁርሱን በላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ቀደምኩ ብሎ እየተኩራራ ወረደ። ሆንዳዋ የነበረችበት ቦታ እንደ መስቀል አደባባይ ወለል ብሎ ተጠርጓል። መኪና ማስለቀቂያውን እኔ ከፈልኩ፤ ሰዓት የተሳሳተው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ለመንገድ የሚያዘውን ስንቅ ሳዘጋጅ ብቻ ነው ቤተኛ ሆኜ የተሰማኝ። የአገሬው መመሪያ ብርድ ልብስ ያዝ ይላል፤ ጋቢ አለኝ። የማይበላሽ ምግብ ያዝ ይላል፤ ቆሎና በሶ አለኝ፣ ቆሎ ደግሞ በረዶ አይሆንም። ሻማ ያዝ፣ በጣሳ በረዶ ታቀልጥበታለህ ይላል፤ ጧፍ አለኝ። አያቶቼ ለግሸን ጉዞ ያሰናዱት የነበረውን ነው ሚኒሶታ በእንግሊዝኛ ጽፋ የሰጠችኝ። አዲስ የሆነብኝ የድመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ጎማ በረዶ ላይ ሲሽከረከር ከሥሩ ይበተናል። ገንዘብ ተቀባይዋ ትልቁን ከረጢት ስታነሳ በፈገግታ "ድመትህ ስንት ዓመቷ ነው?" አለችኝ።

"ድመት የለኝም" አልኳት። "ኮሮላ ናት ያለችኝ።"

ፈገግታዋ ቀነሰ።

ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቼ በዚህ ስንቅ ይስቁ ነበር። እነሱ ዘንድ በረዶ እንግዳ ነው፤ መጥቶ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 መጀመሪያ ግን በአይ-95 ላይ በጣለው በረዶ መኪኖች ተቀርቅረው አንዳንዶቹ ከ24 ሰዓት በላይ እዚያው ቆዩ። ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀር ወደ ሥራ ሲሄድ 27 ሰዓት መኪናው ውስጥ አሳልፏል። ከዚያ ወዲህ የነዳጅ መርፌ ከግማሽ በታች አይውረድ ስል የሚስቅብኝ ዘመድ የለኝም። ቆሞ ሞተር ማስነሳትም ቢሆን ወርዶ የጭስ ማውጫውን በረዶ ከጠረጉ በኋላ ነው፤ ጭሱ ከተዘጋበት ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ሽታ የሌለውን መርዝ እኛ ከልጅነት እናውቀዋለን፤ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ የተኛ ሰው ወሬ ያልሰማ የለም።

እንግዲህ ዘንድሮ ተማርኩ ማለት ነው። የምንኖረው አፓርታማ ውስጥ ነው፣ ጋራዥ የለንም። በሚያዝያ የወለቁት አራቱ የብርድ ጎማዎች መግቢያ አጡ። ባልኮን ላይ ማስቀመጥ ክልክል ነው አሉን፣ ምድር ቤቱ ሞልቷል። ሳሎኑ ጥግ ደረደርኳቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ባለቤቴ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ቀጥላ "ወይ እኔ ወይ ጎማው" አለች፤ በሦስተኛው ሳምንት ጥልፍ ጨርቅ አለበሰቻቸው። አሁን ረከቦቱ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው፤ ቁመቱ ትንሽ ቢበዛም ስኒ አይናወጥበትም። እንግዳ ሲመጣ ከየት ገዛችሁት የሚል አለ።

የእንቁጣጣሽ ዕለት ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከመንገድ ዳር የለቀምናት አደይ የምትመስል ቢጫ አበባ በብርጭቆ ሆና ከስኒዎቹ መሀል ተቀምጣለች። ደረቴ ውስጥ ያቺው መስኮት ተከፍታለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከጎማ ቤቱ ቀጠሮ ይዣለሁ። እናቴ በቪዲዮ ደወለች። እልል አለች፣ መረቀችን፣ ልጆቹን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ስልኩ አስጠጋች፤ ጨርቁ በአንድ ጎን ገለጥ ብሎ ኖሯል።

"ያ ከአበባው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?"

"ክረምት ነው እማዬ" አልኳት።

ዝም አለች።

"ጥር ላይ ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?"